ሸክላን ከሸክላ ማያያዝ፤ በቤት ውስጥ ስለሚቀረጽ የዲጄ ቅልቅል

ዲጄ የሚባለው ባለሙያ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው በሠርግ አዳራሽ፣ በምረቃ ግብዣና በምሽት ጭፈራ ቤት ነው። በዚያ ሥፍራ ሥራው ተጨፋሪው እንዳይቀመጥ ማድረግ ስለ ሆነ፣ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይገባል፤ ምቱም ለአፍታ እንኳ አይቋረጥም። በቤት ውስጥ ተቀርጾ፣ ቆይቶ የሚሰማ ቅልቅል ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚሰማው ሰው ተቀምጧል፤ ወይም በሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይጓዛል፤ ወይም ሌሊት ሲያጠና ከጎኑ ከፍቶታል። የወደደውን ቦታ መልሶ ይሰማል፤ የተበላሸውንም ቦታ እንዲሁ። በአዳራሽ የተሠራ ስሕተት ከሁካታው ጋራ ያልፋል፤ በቤት የተቀረጸ ስሕተት ግን ቅልቅሉ በተከፈተ ቁጥር ይመለሳል።

እኛ አምስት ተማሪዎች ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አባት ካከማቿቸው የ45 ዙር ሸክላዎች የአንድ ሰዓት ቅልቅል ለማዘጋጀት ተነሥተን ነበር። ሥራው የሁለት ቀን መስሎን ነበር፤ አምስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው የሥራውን አካሄድና አንዳንዱ ነገር እንዲህ የሚደረግበትን ምክንያት ነው። የሳትንበትንም አንደብቅም፤ ከስሕተቶቻችን አንዱ ስለ ጠቅላላው ሥራ የነበረንን አሳብ ለውጦታልና። ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለት ሸክላዎችን አያይዞ የማጫወት ጥበብ በጭፈራ ቤት የተወለደ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በኒው ዮርክ ከተማ ‹ሳንክቹዋሪ› በተባለ ቤት ይሠራ የነበረው ፍራንሲስ ግራሶ፣ የሚቀጥለውን ሸክላ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው እየሰማ፣ ምቱን ከሚጫወተው ጋራ አስማምቶ በማስገባት ታወቀ። በ1972 ደግሞ ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 የተባለው ማጫወቻ ወጣ። ይህ ማጫወቻ የተሠራው በቤታቸው ተቀምጠው ለሚያዳምጡ ሰዎች ሲሆን፣ ሞተሩ ሳሕኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞርና ፍጥነቱም በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ዲጄዎች የራሳቸው አደረጉት። እንግዲህ መሣሪያው ከቤት ወደ ጭፈራ ቤት ሄደ፤ እኛ ደግሞ ጥበቡን ከጭፈራ ቤት ወደ ቤት ልናመጣ ነው ማለት ነው።

ለተነሣንበት ጉዳይ ግን ከግራሶ ይልቅ የሚቀርበው ቶም ሞልተን ነው። ይህ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው በፋየር አይላንድ ለአንድ የመዝናኛ ቤት ሙዚቃ ሲያዘጋጅ፣ በአዳራሹ ቆሞ ሸክላ አላዞረም። በቤቱ ተቀምጦ በቴፕ ላይ እየቀረጸ፣ ቴፑንም እየቈረጠና እየቀጠለ ነበር የሚሠራው። 45 ደቂቃ የምትሰማ አንዲት ቴፕ 80 ሰዓት ያህል እንደ ፈጀችበት ራሱ ተናግሯል። በ1975 የወጣው የግሎሪያ ጌይነር ረዥም ሸክላ የመጀመሪያ ገጽም ሦስት ዘፈኖች ሳይቋረጡ ተያይዘው የሚሰሙበት የእሱ ሥራ ነው፤ ሸክላውን የገዛ ሰው በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅልቅል ሰማ። እኛም አምስት ሳምንታችን ሲያሳፍረን በሞልተን 80 ሰዓት እንጽናናለን።

በአገራችን የትንሹ ሸክላ ዘመን አጭር ነበር። አምሐ እሸቴ በ1969 የመሠረተው አምሐ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳተመ፤ ካይፋና ፊሊፕስም በዚያው ዘመን ያሳትሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴት ቦታውን ወሰደ። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በታተሙት የ‹ኤትዮፒክ› ስብስቦች ብዙዎቹ ዘፈኖች በሲዲ ተመልሰው ቢወጡም፣ ሁሉም አልወጡም፤ የቀሩት በየሰው ቤት በካርቶንና በሣጥን ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በቤቱ ተቀምጦ ቅልቅል ሲሠራ፣ ለብዙ ወጣት አድማጭ ዘፈኑን መጀመሪያ የሚያስተዋውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። አድማጩም ዘፈኑን የሚያውቀው ይኸው ተማሪ ባሰማው ፍጥነት ነው፤ የተቈረጠ ነገር ካለም መቈረጡን አያውቅም። ይህን መጀመሪያ አላሰብንበትም ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከማያያዝ ሳይሆን ከማጽዳት ነው። የ45 ዙር ሸክላ ከቪኒል ፕላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ የፈለጉን መንገድ ተከትሎ ክብ በክብ ይጠረጋል፤ መካከሉ ላይ ያለው ወረቀት ግን መራስ የለበትም። ከዚያ በፊት የነበሩት የ78 ዙር ሸክላዎች በአብዛኛው ከሙጫ የተሠሩ ናቸውና አልኮል ያለበት ማጽጃ ከነካቸው ይሟሟሉ። በእጃችን ከገቡት መካከል ሁለቱ የዚህ ዐይነት ነበሩ፤ አንደኛው ጓደኛችን የአልኮሉን ጠርሙስ ከፍቶ ሳለ በጊዜ ደረስንበት።

ሁለተኛው ደንብ ከሸክላው ላይ በቀጥታ አለመቀላቀል ነው። መርፌው ባለፈ ቁጥር ፈለጉ በጥቂቱ ያልቃል፤ ዲጄ እንደሚያደርገው መነሻውን ለማግኘት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያዞሩት ደግሞ ይበልጥ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሸክላ ከመጀመሪያው ጸጥታ እስከ መጨረሻው ሙሉውን አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር እንቀርጸዋለን፤ ይህን ቅጂ ሳንነካው እናስቀምጣለን፤ ቅልቅሉን የምንሠራው ከቅጂው ቅጂ ነው። ‹ታዲያ ዲጄነቱ ምኑ ላይ ነው?› ያሉን ጓደኞች አሉ። አዲስ የታተመና ነገም ከገበያ የሚገኝ ሸክላ ያለው ሰው እንደ ወደደ ያዙረው፤ የሌላ ሰው አንድ ለእናቱ የሆነ ሸክላ የተቀበለ ግን ይህን ነጻነት አላገኘም።

በመጀመሪያው ቀን ማጫወቻውን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋራ በገመድ አገናኝተን ብንከፍተው፣ የወጣው ድምፅ በስልክ እንደሚሰማ የቀጠነ ሆነ፤ ባስ የሚባል የለም፤ ሲምባሉ ብቻ ይፋጫል። ሸክላው አልቋል ብለን ልንተወው ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ወፍራም ድምፅ በሸክላ ላይ እንዳለ ቢቀረጽ ፈለጉ እጅግ ይወዛወዛል፤ ቦታም ይፈጃል፤ መርፌውንም ያስዘልላል። ስለዚህ በሚቀረጽበት ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀንስ፣ ቀጭኑም እንዲጨምር ይደረጋል፤ በሚጫወትበት ጊዜ ደግሞ ይህንኑ ወደ ነበረበት የሚመልስ ማጉያ ያስፈልጋል። መጠኑ በ1954 በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር የተወሰነ ሲሆን፣ በማኅበሩ ስም አር አይ ኤ ኤ ይባላል። በዚህ ደንብ መሠረት በሰኮንድ 20 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ 20 ዴሲቤል ያህል ተቀንሶ ነው የሚቀረጸው። ከመርፌው የሚወጣውም ኤሌክትሪክ ጥቂት የቮልት ሺኛ ብቻ ነው። ‹ፎኖ› የሚል መግቢያ ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ተውሰን በእሱ በኩል ብናሳልፈው ባሱ ተመለሰ፤ ሸክላውን ማማታችንም አሳፈረን።

ከዚሁ ጋራ አንዲት ቀላል ዘዴ እንጥቀስ። ከሰበሰብናቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ በአንድ መስመር፣ ማለት በሞኖ የተቀረጹ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሙዚቃው መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ አቧራና ጭረት ግን ወደ ላይና ወደ ታችም ያነጥሩታል። በዛሬው የስቴሪዮ መርፌ ቀርጾ የግራውንና የቀኙን መስመር አንድ ላይ ቢደምሩት፣ የላይና የታቹ እንቅስቃሴ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የመፋጨቱ ድምፅም በግልጥ ይቀንሳል። ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ኮምፒዩተሩ ጫጫታ እንዲያነሣልን ያደረግነው ሙከራ ግን አላስደሰተንም፤ ጫጫታውን ሲያነሣ የዘፋኙን ትንፋሽና የሲምባሉን ጭራ አብሮ ወሰደው። ስለዚህ ጆሮ የሚመቱትን ትልልቅ ቋቋታዎች ብቻ አንድ በአንድ በእጅ አንሥተን የቀረውን ተውነው።

በዲጂታል ቀረጻ ዜሮ ዴሲቤል የሚባለው ጣሪያ ነው። የድሮ ቴፕ ድምፁ ጥቂት ቢያልፍ በመጠኑ ይታገሥ ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን ከጣሪያው ያለፈውን እንደ መቀስ ይቈርጠዋል፤ የተቈረጠውም በኋላ ቢቀነስ አይመለስም። ጀማሪ ሰው ጠቋሚው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ድምፁ ያማረ ይመስለዋል። በ16 ቢት ቀረጻ ከጣሪያ እስከ ወለል ያለው ርቀት 96 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በ24 ቢት ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ በ24 ቢት ቀርጾ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል እንዲውል ቢተዉት የሚጐዳ ነገር የለም። እኛ ይህን ያወቅነው አራት ሸክላ ከቀረጽን በኋላ ስለ ሆነ፣ አራቱን እንደ ገና አዞርናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚለውን ደንባችንን ያፈረስነውም በዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ማያያዙ እንምጣ።

የመጀመሪያውን ቅልቅል የሠራነው በጭፈራ ቤቱ ልማድ ነበር። በ60 ደቂቃ ውስጥ 19 ዘፈኖች አስገባን፤ የብዙዎቹን መግቢያ ሙዚቃ ቈረጥን፤ ምቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ወረደ። በሥራችን ተደስተን የሸክላዎቹን ባለቤት እንዲሰሙልን ለመንናቸው። ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሁለተኛው ዘፈን ገብቶ ጥቂት እንደ ሄደ እጃቸውን አነሡ።

‹ይህን ሰው ማን አስቸኮለው?› አሉን።

‹ጋሼ፣ ምቱ ከሚቀጥለው ዘፈን ጋራ እንዲገጥም ብለን ጥቂት አፍጥነነው ነው› አልናቸው።

‹እኔ ይህን ሰው የማውቀው ሲረጋ ነው። የሚቀጥለው ከቸኮለ፣ የሚቀጥለው ይጠብቀዋ!›

ልጃቸው፣ ‹አባባ፣ ይኸኮ ብዙ አይታወቅም› ሊላቸው ሞከረ። እሳቸውም፣ ‹ለማን ነው የማይታወቀው?› ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ቁጥሩን ስናሰላው እውነታቸውን ነበር። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ያህል ሲሆን የሚቀጥለው 108 ነበር፤ ስለዚህ 8 በመቶ አፍጥነነዋል። ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል። 6 በመቶ ማፍጠን ዜማውን በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ቁልፍ፣ ማለት አንድ ግማሽ ድምፅ ከፍ እንደ ማድረግ ነው፤ 8 በመቶ ደግሞ አንድ ግማሽ ድምፅ ከሲሶ ያህል ይሆናል። አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ42 ሰኮንድ ሆነ። የዘፋኙ ጉሮሮ በተቀረጸበት ቀን ያላወጣውን ድምፅ እኛ አወጣንለት፤ ሳግ የነበረበት ቦታም ቅልጥፍና ሆነ።

ኮምፒዩተር ድምፁን ሳያቀጥን ፍጥነቱን ብቻ ሊጨምር ይችላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይቻላል። የሚያደርገው ግን ድምፁን በጣም ትንንሽ አድርጎ ቈራርጦ፣ ቍርጥራጩን አቀራርቦ ወይም አራርቆ እንደ ገና መደርደር ነው። ለውጡ 2 በመቶ ያህል ሲሆን አልተሰማንም። 8 በመቶ ሲደርስ ግን የክራሩ ምት ስለቱን አጣ፤ የድራሙም ዱላ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ መሰለ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዘፈኑ መቸኰሉን አላቆመም፤ ድምፁ ወፍራም ሆኖ የሚቸኩል ሰው ሆነ እንጂ።

ሌላም ችግር ነበረ። በዚያ ዘመን ኦርኬስትራው ከዘፋኙ ጋራ ባንድነት ሲቀረጽ፣ ምት የሚቈጥርለት መሣሪያ አልነበረውም፤ ዘፈኑ ሲሞቅ ምቱም አብሮ ይሞቃል። ከለካናቸው አንዱ ሲጀምር በደቂቃ 96 ምት የነበረ ሲሆን ሲያልቅ 101 ደርሷል። የማቀላቀያው ፕሮግራም ግን ምት ሁልጊዜ እኩል ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ መጀመሪያ ላይ ያሰመረው መስመር ዘፈኑ መካከል ሲደርስ ከድራሙ ተለይቶ ይገኛል። ችክችካ ሲሆን ደግሞ ባሰበት። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ ስድስቱን ትንንሽ ምቶች ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ጊዜ መቍጠር ይቻላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ጊዜ መቍጠርም ይቻላል። በደቂቃ 360 ትንንሽ ምቶች ቢኖሩ በመጀመሪያው አቈጣጠር 120፣ በሁለተኛው 180 ይሆናል። ፕሮግራሙ አንዱን ዘፈን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ቈጥሮ፣ እኩል የሚሄዱትን ሁለት ዘፈኖች እጅግ የተራራቁ ናቸው ብሎ ነገረን። ትከሻውን ለእስክስታ የሚያንቀሳቅስ ልጅ በዚህ አይሳሳትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ትተን በሰዓትና በጣት ቈጠርን።

ከዚህ በኋላ አሠራራችን ተገለበጠ። እያንዳንዱ ዘፈን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ የግድ ከሆነ እስከ 2 በመቶ ድረስ፣ ያውም በመጋጠሚያው አጠገብ ባሉት ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ይነካል። መግቢያ ሙዚቃ አይቈረጥም። ዘፈኖቹም ከ19 ወደ 14 ወረዱ። 14 ዘፈኖች 13 መጋጠሚያዎች ይኖሯቸዋል፤ ከእነዚህ በምት የተገናኙት አራት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በልዩ ልዩ መንገድ ተያያዙ። ድራም ሳይኖርበት በክራር ወይም በኦርጋን ብቻ የሚጀምር ዘፈን ከሆነ የፊተኛው እየደከመ ሲሄድ ሥር ሥሩን ይገባል። የፊተኛው በትልቅ ምት ዘግቶ የሚያልቅ ከሆነ እንዲያልቅ ይተዋል፤ ከዚያም ሁለት ሰኮንድ ጸጥታ ይሰጠዋል። በጭፈራ ቤት ሁለት ሰኮንድ ጸጥታ ውርደት ነው፤ ለተቀመጠ አድማጭ ግን ትንፋሽ ነው። ይህን ደፍረን ያደረግነው በሦስት ቦታ ሲሆን፣ ከሰሙት ጓደኞቻችን ‹ተቋረጠ› ያለን የለም።

ሁለት ዘፈኖች ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተደራርበው የሚሰሙ ከሆነ ምት ብቻ ሳይሆን ቅኝትም መታየት አለበት። የዲጄ ትምህርት የሚሰጡ የውጭ አገር መጻሕፍት የሚናገሩት ስለ ሜጀርና ስለ ማይነር ነው፤ ለእኛ ዘፈኖች ይህ አይበቃም። ለምሳሌ ያህል ሁለቱም ከ‹ዶ› ይነሡ እንበል። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነው። ከአምስቱ የሚጋሩት ዶንና ሶልን ብቻ ነው፤ ሬ ከሬ፣ ላ ከላ ጐን ለጐን ሆነው ይጋጫሉ። ይህን ግጭት አራት ሰኮንድ የሰማ ሰው ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ፊቱን ያኮማትራል። ስለዚህ ከትዝታ ወደ አምባሰል ስንሄድ መደራረብን ፈጽመን ትተናል፤ ወይም የሚገባው ዘፈን በከበሮ ብቻ የሚጀምር ሲሆን በከበሮው ላይ አሻግረናል። በሁለት ሸክላዎች ላይ ደግሞ ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሳለ መነሻው ድምፅ ጥቂት ተለያይቶ አገኘነው፤ ካሴት ላይ የነበረ አንድ ዘፈንም ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። የካሴት ቴፕ የሚሄደው በሰኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ስለ ሆነ የሞተሩ ትንሽ ልዩነት ወዲያው በድምፁ ላይ ይታወቃል። የክራሩ ወይም የኦርጋኑ ትክክለኛ ድምፅ ከታወቀ ይህን መልሶ ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ይህ ማፍጠን ሳይሆን ማረም ነውና።

በሚደራረቡበት ጊዜ የሁለቱም ባስ አብሮ ከተሰማ ድምፁ ይጐለድፋል። ሁለት ባስ ባንድ ቤት አይኖሩም ብንል ማጋነን አይሆንም። የገቢውን ባስ ቀንሶ ማስገባት፣ የወጪው ዘፈን አንድ ቤት ሲሞላ ደግሞ የወጪውን ቀንሶ የገቢውን መመለስ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

የዘፈኖቹ ድምፅ ጉልበት ግን ብዙ ያስቸግራል። በጠቋሚው ላይ ከፍተኛ ነጥባቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘፈኖች በጆሮ እኩል አይሰሙም፤ አንዱ አልፎ አልፎ የሚመታ ድራም ይኖረዋል፤ ሌላው ዘወትር ይጮኻል። በጆሮ እንደሚሰማው አድርጎ የሚለካውን ዘዴ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 አወጣ፤ የአውሮፓ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኅብረትም በ2010 ለጣቢያዎች ከዜሮ በታች 23 እንዲሆን ወሰነ። መለኪያው ኤል ዩ ኤፍ ኤስ ይባላል፤ ነጻ በሆኑ ፕሮግራሞችም ይገኛል። በስልክ ለሚሰማ ቅልቅል 23 ስለሚያንስ እኛ ከዜሮ በታች 16 አድርገነዋል፤ ከፍተኛውን ነጥብም ከጣሪያው በታች 1 ዴሲቤል ላይ አቆምነው፤ ኤም ፒ ስሪ ሲደረግ ነጥቡ ጥቂት ከፍ ስለሚል ነው። አሠራሩም የደከመውን ከፍ ማድረግ ሳይሆን የሚጮኸውን ዝቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መለኪያውን ዘግቶ መስማት ያስፈልጋል፤ በክራር ብቻ የሚዘፈን ዘፈን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋራ እኩል ሲጮህ ያስቃል። ሁለቱን የክራር ዘፈኖች በጆሯችን ፈርደን 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርገናቸዋል።

የተጠናቀቀ የመሰለንን ቅልቅል ለአራት ቀን ሳንሰማው ቆየን። በሠሩበት ቀን የሚሰማ ጆሮ አይታመንም፤ የጠበቀውን ይሰማል እንጂ ያለውን አይሰማም። በአምስተኛው ቀን አንዱ በቤቱ ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ አንዱ በስልኩ፣ አንዱ ከስድስት ኪሎ እስከ መገናኛ በሚኒባስ ተሳፍሮ እያዳመጠ የተሰማውን በደቂቃና በሰኮንድ ጻፈ። በሦስቱም ወረቀት ላይ የተገኘው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሠራነው። በአንዱ ወረቀት ላይ ብቻ ከተገኙት አንዳንዶቹን ተውናቸው፤ የሚኒባሱ አድማጭ ‹ሳክስፎኑ ይንጫጫል› ብሎ የጻፈው የረዳቱ ፉጨት ሆኖ ተገኝቷል።

የሁለት መስመሩ የአንድ ሰዓት ቅልቅል ሳይጨመቅ፣ በ16 ቢትና በሰኮንድ በ44,100 ናሙና 635 ሜጋባይት ይሆናል። በ320 ኪሎቢት ኤም ፒ ስሪ 144፣ በ128 ደግሞ 58 ሜጋባይት ያህል ነው። ትንሹን መምረጥ ለኢንተርኔት ሒሳብ ይበጃል፤ ነገር ግን ኤም ፒ ስሪ የሸክላውን መፋጨት ከሙዚቃው ለይቶ ስለማያውቅ ባለችው ጥቂት ቦታ ሁለቱንም ሊይዝ ይታገላልና ሲምባሉ ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ይሆናል። እኛ መካከለኛውን 192 መረጥን፤ 86 ሜጋባይት ነው። ያልተነኩት ቅጂዎች በሁለት ልዩ ልዩ ቤቶች በሁለት ዲስክ ተቀምጠዋል።

ስለ መብት የምንጨምረው አለ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 መሠረት፣ ለግል ጥቅም ቅጂ ማዘጋጀት በተወሰነ መጠን የሚፈቀድ ሲሆን ለሕዝብ ማሠራጨት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቅልቅላችን ከሠራንበት ቤትና ከጥናት ክፍላችን አልወጣም። ከቅልቅሉ ጋራ የሚሄድ ዝርዝርም አዘጋጅተናል፤ የዘፈኑ ስም፣ ዘፋኙ፣ ኦርኬስትራው፣ አቀናባሪው፣ አሳታሚው፣ የሸክላው ቍጥርና ዘፈኑ የሚጀምርበት ደቂቃ ተጽፏል። ስም አልባ ሆኖ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ አገር የሚዘዋወር ቅልቅል ብዙ ነው፤ በእነዚህ ላይ የዲጄው ስም በየሦስት ደቂቃው ይጮኻል፤ የዘፋኙ ግን የለም።

ሁለተኛውን ቅልቅል ለሸክላዎቹ ባለቤት ባሰማናቸው ጊዜ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ስለ መጋጠሚያዎቹ ምንም አላሉም። ዝርዝሩን ግን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ፣ ‹ሳክስፎን የነፋው ሰውዬስ የታለ?› ብለው ጠየቁን። በሸክላው ወረቀት ላይ አልተጻፈም አልናቸው። ‹እኔ እማውቀው ከወረቀት ነው እንዴ? ብዕር አምጡ› አሉን። በዚያ ምሽት በ6 ዘፈኖች ላይ የተጫዋቾች ስም ጨመሩልን፤ ሁለቱን እርግጠኛ አይደለሁም ብለው ምልክት አስደረጉበት። የቀሩት 8 ዘፈኖች ዝርዝር ከዘፋኙና ከአሳታሚው ስም በቀር ባዶ ነው። ዝርዝሩ ከቅልቅሉ ጋራ በጥናት ክፍላችን ስለሚገኝ፣ ከመምህራንም ሆነ ከተማሪዎች በቤቱ የሚያውቅ ሽማግሌ ያለው ሰው ወስዶ ቢያሰማልንና ባዶውን ቦታ ቢያስሞላልን እንለምናለን።